ከጨዋታ ውጭ፤ ስለ መስመር ዳኛ ፍርድ አስቸጋሪነት

ዳኝነት በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ የተጣሉ እንደ ሆነ በዚያ የሚያልፈውን መንገደኛ አስቁመው «ዳኘን» ይሉት ነበር። መንገደኛውም ጉዳዩን ትቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥና የከሳሹን ቃል ከተከሳሹ መልስ ጋራ እያነጻጸረ ይሰማቸው ነበር። ነገሩ የከበደ እንደ ሆነ ምስክር ይጠራል፤ ዋስ ይቆማል፤ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ፍርዱ ያላረካው ወገንም ይግባኝ እያለ እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ ይሄዳል። ባጭሩ ጊዜ የዳኛ ረዳት ነበረ ማለት ነው።

ዛሬ ግን ለአንባቢዎቻችን ልናስተዋውቀው የምንወደው ዳኛ ጊዜ የሚባል ረዳት የሌለው ነው። ይህ ዳኛ ቀጠሮ ሊሰጥ አይችልም፤ ምስክር ሊጠራ አይችልም፤ ተቀምጦ ሊያስብም አይችልም፤ እየሮጠ ያያል፣ እየሮጠ ይፈርዳል። የሚፈርደውም በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት ነው፤ ከተመልካቹም እኩሌታው ገና ባንዲራውን ከማንሣቱ ይረግመዋል። እርሱም በእግር ኳስ ሜዳ ዳር የሚቆመው የመስመር ዳኛ ነው። ከሥራውም ሁሉ የሚከብደው ኦፍሳይድ የተባለውን ጥፋት ለይቶ ማወቅ ነው።

ስለ ኦፍሳይድ ብዙ ሰው ይከራከራል፤ ሕጉን አጥርቶ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አስቀድመን ሕጉን ባጭሩ እንገልጻለን። አንድ ተጫዋች በተጋጣሚው የሜዳ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ የወገኑ ሰው ኳሷን በሚመታበት ቅጽበት፣ ከኳሷም ከሁለተኛው የመጨረሻ ተጋጣሚም ይልቅ ለግቡ መስመር የቀረበ እንደ ሆነ በኦፍሳይድ ቦታ ላይ ነው ይባላል። ከመጨረሻዎቹ ከሁለቱ ተጋጣሚዎች አንዱ አብዛኛውን ጊዜ በረኛው ስለ ሆነ፣ ነገሩ በመጨረሻው ተከላካይና በአጥቂው መካከል የሚደረግ የርምጃ ሙግት ይሆናል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ሕጉ የሚጠይቀው ኳሷ በተመታችበት ቅጽበት የነበረውን ቦታ እንጂ፣ አጥቂው ኳሷን በተቀበለበት ጊዜ ያለውን ቦታ አለመሆኑ ነው። ተመልካቹ የሚጮኸው ሁለተኛውን አይቶ ነው፤ ዳኛው የሚፈርደው በመጀመሪያው ነው። ከሜዳ ዳር ከሚነሣው ክርክር ብዙው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ይህ ሕግ ዛሬ ባለበት መልክ አልተወለደም። ከዚህ በታች የምናነሣቸው የውጭ ሀገር ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይገንዘብልን። በ1863 በለንደን ከተማ የእንግሊዝ የእግር ኳስ ማኅበር የመጀመሪያውን ሕግ ሲያወጣ፣ ከኳሷ ፊት የተገኘ የወገን ተጫዋች ሁሉ ከጨዋታ ውጭ ነበረ። ሐሳቡም ከጠላት ጀርባ አድፍጦ ኳስን መጠበቅ ከጨዋነት የራቀ ሥራ ነው የሚል ነበር። በ1866 ሕጉ ላላና በአጥቂውና በግቡ መስመር መካከል ሦስት ተጋጣሚዎች ካሉ አጥቂው ነጻ ነው ተባለ። በ1907 ደግሞ በራሱ የሜዳ ክፍል ያለ ተጫዋች በኦፍሳይድ እንዳይጠየቅ ተወሰነ።

ነገር ግን የሰው ብልኃት ሁልጊዜ ሕግን ተከትሎ ይሄዳል። ተከላካዮች በአንድነት ወደ መሐል ሜዳ እየወጡ አጥቂውን ከኋላቸው የሚያስቀሩበትን ወጥመድ አጠኑ፤ በዚህም ጥበብ የኒውካስሉ ተከላካይ ማክራከን ስሙ የታወቀ ሆነ። ጨዋታው በፉጨት ብዛት እየተቆራረጠ ተመልካቹን ስላሰለቸ፣ በ1925 የተጋጣሚው ቁጥር ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ ተደረገ። የዚህም ውጤት እጅግ የሚያስገርም ነበር። በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን በ1924-25 የጨዋታ ዘመን 1,192 ግቦች ተቆጥረው ነበር፤ በተከታዩ ዘመን ግን 1,703 ሆኑ። የአንዲት ቃል መለወጥ 511 ግቦችን ጨመረ ማለት ነው። በመጨረሻም በ1990 ከሁለተኛው የመጨረሻ ተጋጣሚ ጋራ እኩል የሆነ አጥቂ ነጻ እንዲሆን ተደነገገ። ሕጉ አጥቂውን እየረዳ በመጣ ቁጥር ግን የዳኛው ሥራ እየረቀቀ ሄደ፤ የርምጃው ልዩነት ወደ ጣት ልዩነት ወርዷልና።

የመስመር ዳኛም እንዲሁ የራሱ ታሪክ አለው። በጥንቱ የእንግሊዝ ጨዋታ እያንዳንዱ ቡድን የየራሱን ሽማግሌ ያቆም ነበር፤ ሁለቱ ያልተስማሙ እንደ ሆነ ከሜዳ ውጭ የሚቆመው ዳኛ ይጠየቃል። በ1891 ዳኛው ወደ ሜዳው ውስጥ ገባ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ባንዲራ ይዘው በመስመሩ ዳር ቆሙ። ከ1996 ጀምሮ ስማቸው «ረዳት ዳኛ» ተብሏል። ስማቸው ይለወጥ እንጂ ጭንቀታቸው አልተለወጠም።

እንግዲህ ጭንቀቱ ከምን እንደሚመጣ እንመርምር። «ማየት ማመን ነው» ይባላል። ይሁን እንጂ የሰው ዐይን በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አጥርቶ ለማየት አልተፈጠረም። የመስመር ዳኛው ኳሷን የሚመታውን ሰው እግር ማየት አለበት፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ከመቺው 40 ወይም 50 ሜትር ርቀው የሚገኙትን አጥቂና ተከላካይ ማየት አለበት። ዐይን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዞር የሰኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ጊዜ ይፈጅበታል። ይህ ጊዜ ኢምንት ይመስላል፤ ሒሳቡን ስናሰላው ግን ኢምንት አይደለም። አጥቂው በሰኮንድ 7 ሜትር ወደ ግቡ ሲሮጥ፣ ተከላካዩ ወጥመዱን ለማጥመድ በሰኮንድ 5 ሜትር ወደ መሐል ሜዳ ይወጣል እንበል። ሁለቱ በሰኮንድ በ12 ሜትር ፍጥነት ይተላለፋሉ ማለት ነው። በሰኮንድ አንድ አምስተኛ ውስጥ በመካከላቸው የ2 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ለውጥ ይሆናል። ኳሷ ስትመታ ከተከላካዩ ኋላ የነበረው አጥቂ፣ የዳኛው ዐይን እርሱ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ሁለት ሜትር ቀድሞ ይገኛል። ዳኛው ያየውን በእውነት አይቷል፤ ያየው ግን ሕጉ የጠየቀውን ቅጽበት አይደለም።

ሁለተኛው ችግር የመቆሚያው ቦታ ነው። ዳኛው ከመጨረሻው ተከላካይ ጋራ ትክክል መቆም ይገባዋል፤ ነገር ግን ተከላካዩ በየጊዜው ስለሚመላለስ ዳኛው አንድ ጊዜ ይቀድማል፣ አንድ ጊዜ ይዘገያል። ለምሳሌ ያህል ዳኛው ወደ ግቡ በኩል በ1 ሜትር ቀድሞ ቆሟል፣ ተከላካዩ ከርሱ 20 ሜትር፣ አጥቂው ደግሞ ከወዲያ ማዶ 40 ሜትር ርቀዋል እንበል። ከዳኛው ዐይን ተነሥቶ ተከላካዩን የሚያልፈው መስመር ጋደል ብሎ ስለሚሄድ፣ ማዶ ያለው አጥቂ ከተከላካዩ እስከ 1 ሜትር ድረስ ኋላ ቢሆን እንኳ የቀደመ መስሎ ይታያል። በአንጻሩ አጥቂው ከዳኛውና ከተከላካዩ መካከል ያለ እንደ ሆነ፣ በእውነት ቀድሞ ሳለ ያልቀደመ ይመስላል። ይህንን ነገር በአምስተርዳም የሚገኙ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በሜዳ ላይ መርምረው በ2000 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አስታውቀዋል። ከምርመራቸውም የምንማረው ስሕተቱ የማዳላት ወይም የቸልታ ሳይሆን የማዕዘን ጉዳይ መሆኑን ነው። የሌሎች ሀገሮች ሊቃውንት ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ለዐይን ካለበት ቦታ ፈቀቅ ብሎ ወደ ፊት የሄደ መስሎ እንደሚታይ ጨምረው አስረድተዋል። ስለዚህ በዐይን ብቻ የሚፈርድ ሰው ልቡ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ።

በምንኖርበት በመካኒሳ ሠፈር ልጆች ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርበው ግብ ሲያቆሙ እናያለን። በነርሱ ጨዋታ ውስጥ ዳኛ የለም፤ መስመር የለም፤ ኦፍሳይድም የለም። ከግቡ አፍ ተተክሎ ኳስ የሚጠብቀውን ልጅ ጓደኞቹ በቃል ይገሥጹታል እንጂ ባንዲራ አያነሡበትም። ይህም የ1863ቱን ሕግ አውጪዎች ሐሳብ ያስታውሰናል፤ ሕጉ ከመጻፉ በፊት በይሉኝታ መልክ በልጆች ልብ ውስጥ ይገኛል። በዚያው በመካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የቆመ የታወቀ ትምህርት ቤት አለ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በሚያደርጉት ግጥሚያ የመሐል ዳኛውም ጭምር ባንዲራ ይይዛል፤ ፉጨቱ ለተጫዋቹ አይሰማምና። ለነርሱ ባንዲራ የፉጨት ረዳት አይደለም፤ ራሱ የፍርዱ ቃል ነው። እኛ የምንሰማውም ሰዎች ብንሆን በኦፍሳይድ ጊዜ አስቀድመን ጆሯችንን ሳይሆን ዐይናችንን ወደ ሜዳው ዳር እንወረውራለን።

አሁን ወደ ተነሣንበት ዋና ታሪክ እንግባ። ሀገራችን በአፍሪካ የእግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ቀደምት ናት። በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ የተባለችውን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። የዚያን ቀን የቡድኑ አምበል አባቱ ጣልያናዊ እናቱ ኤርትራዊት የሆኑት ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። በ1972 ይድነቃቸው ተሰማ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1987 ድረስ መርተውታል። ስለ ተጫዋቾቻችንና ስለ መሪዎቻችን ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ዳኞቻችን የተነገረው ግን ጥቂት ነው።

በ1970 የዓለም ዋንጫ በሜክሲኮ ሲደረግ ከዓለም ዳኞች መካከል አንዱ ኢትዮጵያዊው ሥዩም ታረቀኝ ነበሩ። ግንቦት 30 ቀን 1962 ዓ.ም. በቶሉካ ከተማ የስዊድንና የእስራኤልን ግጥሚያ በመሐል ዳኝነት መሩ፤ ግጥሚያውም 1 ለ 1 አለቀ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 4 ቀን፣ በዚያችው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማ ጣልያንና እስራኤል ተጋጠሙ። የመሐል ዳኛው ብራዚላዊው ደ ሞራይስ ሲሆኑ፣ ሥዩም ታረቀኝ ባንዲራ ይዘው በመስመሩ ዳር ቆሙ። በዚያ ግጥሚያ የጣልያኑ ዝነኛ አጥቂ ሉዊጂ ሪቫ ኳሷን ከመረብ አገናኘ፤ የኢትዮጵያዊው ባንዲራ ግን ተነሣ። ግቡ ተሻረ፤ ግጥሚያውም ያለ ግብ ተፈጸመ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር በዘመኑ ሚዛን መዝነው። ጣልያን ሀገራችንን በግፍ ወርራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ሕዝባችንን አሠቃይታለች። ነጻነታችን ከተመለሰ ገና 29 ዓመቱ ነበር። በሜዳው ዳር የቆመው ኢትዮጵያዊ የጣልያንን ግብ ሲሽር፣ በሮማም ሆነ በአዲስ አበባ ይህንን እንደ ተራ የጨዋታ ነገር ብቻ አድርጎ ለማየት የሚችል ሰው ምን ያህል ይሆን? በቀል ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ ደስ ያለውም ሊኖር ይችላል። ሁለቱም ግን ያላግባብ ነው። ባንዲራው የተነሣው በሕጉ ቁጥር እንጂ በታሪክ ቂም አይደለም፤ ቂም ለማሰብ የሰኮንድ አንድ አምስተኛ አይበቃም።

ከዚህ ግጥሚያ በኋላ በጣልያን አንድ ወሬ ተነሣ። ግጥሚያውን በቴሌቪዥን ለሕዝብ ያስተላልፍ የነበረው ኒኮሎ ካሮዚዮ ነበር። ይህ ሰው በ1907 በፓሌርሞ የተወለደ፣ ጣልያን በ1934ና በ1938 የዓለምን ዋንጫ ስትወስድ በራዲዮ ያሰማ፣ ድምፁ በየቤቱ የታወቀ ጋዜጠኛ ነበር። በዚያ ቀን ኢትዮጵያዊውን የመስመር ዳኛ በቆዳው ቀለም ሰደበው ተባለ። ከዚያ በኋላ ጣልያን ምዕራብ ጀርመንን 4 ለ 3 ያሸነፈችበትን ግጥሚያም ሆነ በብራዚል 4 ለ 1 የተሸነፈችበትን የፍጻሜ ግጥሚያ ያስተላለፈው ካሮዚዮ ሳይሆን ናንዶ ማርቴሊኒ ነበር። ሕዝቡም ሁለቱን ነገር አገናኝቶ፣ «በስድቡ ምክንያት ተሻረ» አለ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ፣ ከጋዜጣ ወደ መጽሐፍ እየተላለፈ ለ40 ዓመት ኖረ። ካሮዚዮ በ1984 ሞተ፤ ስሙም ከወሬው ጋራ ተቀበረ።

«ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚለው የአባቶቻችን ምክር እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ2010 ማሲሞ ዴ ሉካና ፒኖ ፍሪዞሊ የተባሉ ጣልያናውያን ስለ ስፖርትና ቴሌቪዥን መጽሐፍ ሲያዘጋጁ የዚያን ግጥሚያ ቅጂ አድምጠው መረመሩ። ስድብ ነው የተባለው ቃል በቅጂው ውስጥ አልተገኘም። ካሮዚዮ በፍርዱ መቈጣቱ እውነት ነው፤ የመስመር ዳኛውን ግን የጠራው በሀገሩ ስም «ኢትዮጵያዊው» እያለ ነበር። በሬ ወለደ ተብሎ የተወራው ነገር ሁሉ መዝገብ ሲገለጥ ተነነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ነገሩ ጠራ፤ ዳሩ ግን የጠራው ሰውዬው ከሞተ ከ26 ዓመት በኋላ ነበር።

ይህንን ታሪክ የምናወጣው አንድ ጣልያናዊ ጋዜጠኛን ለማመስገን አይደለም፤ ስለ ወረራውም ዘመን ያለብንን የማስታወስ ዕዳ ለማቅለል አይደለም። በቶሉካ ሜዳ ሁለት ፍርድ ተሰጥቶ እንደ ነበር ለማሳየት ነው። አንደኛውን ፍርድ የሰጠው የሮጠው፣ ያየውና በፊርማው ፈንታ ባንዲራውን ያነሣው ኢትዮጵያዊ ነው። ሁለተኛውን የሰጡት ቁጭ ብለው ያወሩት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ዳኛ ቅጽበት እንጂ ጊዜ አልነበረውም። ሁለተኞቹ 40 ዓመት ነበራቸው፤ መዝገቡን ለመክፈት ግን አልተጣደፉም። ለመሳሳት ምክንያት ያለው ማን ነበር? የተወቀሰውስ ማን ነው? እኛም ኢትዮጵያውያን ይህ ወሬ ቢደርሰን ጆሯችን በፈቃዱ ይቀበለው ነበር፤ ከጣልያን አፍ ስድብ መውጣቱን ለማመን ማስረጃ የምንጠይቅ አይመስለንም። ፍትሕ የሚፈተነውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ለወዳጅ እውነትን መመስከር ቀላል ነው፣ ለበደለን ወገን ልጅ መመስከር ግን ዳኝነት ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓለም ለዐይን ረዳት ፈለገ። በ2018 የቪዲዮ ዳኝነት በጨዋታው ሕግ ውስጥ ገባና በሩሲያው የዓለም ዋንጫ ሠራ፤ ለዚያም ውድድር ከተመረጡት ዳኞች መካከል ኢትዮጵያዊው ባምላክ ተሰማ ይገኙ ነበር። በተከታዩ ዓመት በፈረንሳይ ለተደረገው የሴቶች የዓለም ዋንጫም ሊዲያ ታፈሰ ተመርጠዋል። በ2022 በካታር ከስታዲየሙ ጣራ ሥር 12 ካሜራዎች ተሰቅለው የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የአካል ነጥቦች በሰኮንድ 50 ጊዜ ይቆጥሩ ነበር፤ በኳሷም ውስጥ በሰኮንድ 500 ጊዜ መልእክት የምትልክ መሣሪያ ተቀምጣ ነበር። በመክፈቻው ግጥሚያ ኤኳዶር በሦስተኛው ደቂቃ ያገባችው ግብ በዚሁ መሣሪያ አማካይነት በኦፍሳይድ ተሻረ።

ሆኖም መሣሪያም ቢሆን ወሰን አለው። ቀደም ብለን ባሰላነው ሒሳብ፣ በሰኮንድ 50 ጊዜ የሚያነሣ ካሜራ ከአንዱ ሥዕል እስከ ሁለተኛው ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች በ24 ሳንቲ ሜትር ይተላለፋሉ። የሜትሩ ክርክር ወደ ሳንቲ ሜትር ወረደ እንጂ አልጠፋም። ደግሞም በኦፍሳይድ ቦታ ላይ የቆመው ሰው በጨዋታው ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም፣ የበረኛውን ዐይን ጋርዷል ወይስ አልጋረደም የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው እስከ ዛሬ የሰው ኅሊና ነው። ካሜራ በማይደርስበት ሜዳ ሁሉ ደግሞ ነገሩ በ1891 እንደ ነበረ ይኖራል፤ አንድ ሰው፣ አንድ ባንዲራና አንድ ቅጽበት።

እኛ በጽሕፈት ቤት ተቀምጠን የሕዝብ ጉዳይ የሚቀርብልን ሰዎች ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር አለ። በጠረጴዛችን ላይ ያለው ጉዳይ እንደ ኳስ አይበርም፤ መዝገቡን ለማገላበጥ፣ ባለጉዳዩን ለመስማት፣ የተጠራጠርነውን ለመጠየቅ ጊዜ ተሰጥቶናል። የመስመር ዳኛው ባይኑ ያየውን ያላንዳች ፍርሃት በባንዲራው ይገልጻል፤ ከሕዝቡ ጩኸት የተነሣም ባንዲራውን አያወርድም። ይህንን ድፍረት ከርሱ እንውሰድ። እርሱ ያላገኘውን ጊዜ ያገኘን እኛ ግን፣ መዝገብ ሳንከፍት በወሬ ብቻ የሰው ስም የሚቀበርበትን ፍርድ ብንሰጥ የምናቀርበው ምክንያት አይኖረንም። መምህራን ለተማሪዎቻቸው የኦፍሳይድን ሕግ ሲያስተምሩ የቶሉካን ታሪክ ቢጨምሩበት መልካም ነው። ተማሪው በሚቀጥለው ግጥሚያ ላይ «ሌባ!» ብሎ ከመጮኹ በፊት፣ ኳሷ በተመታችበት ቅጽበት ዐይኑ የት እንደ ነበረ ራሱን ይጠይቅ ይሆናል።